ከመጪው ወር ጀምሮ ቀሪ

ስህተቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልረፍ። ገሚሱ ሠራተኛ የአስተዳደር ኃላፊውን ይረግማል፤ ገሚሱ ደግሞ ሬዲዮ የምንላትን ሸማኔ ወሬ አጣመመች ብሎ ይከሳል። ወረቀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ግን እኔ ነኝ። አራቱንም ጥግ አስተካክዬ፣ በአራት ስፒል።

የምሠራው በብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ። በሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ማን እንደገባ፣ ማን እንዳልገባ እመዘግባለሁ። በሰዓቱ ለመጣ ምልክት፣ ፈቃድ ለወሰደ «ፈ»፣ ለታመመ «ሕ»፣ ዝም ብሎ ላልመጣ ደግሞ በቀይ ቀለም «ቀሪ»። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። የሚገባና የሚወጣ ደብዳቤ ላይ ቁጥር የምሰጠውም እኔው ነኝ። ድሮ ለዚህ ለብቻው ሰው ነበረው፤ እሱ ሲለቅ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ሠራተኛው «እመት ሰዓት» ይለኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል፤ መስኮቱ ግን ቀዳዳ አለው፣ ጆሮዬም ደህና ነው።

ፋብሪካው ካልጋ ከዋለ ቆይቷል። ከአሥራ ሁለቱ የሽመና ማሽኖች የሚሠሩት አራት ናቸው፤ ስምንቱ ለአራቱ መለዋወጫ ሆነው አለቁ። ኮሪደሩ ላይ አንድ እየዘለሉ አምፖል ነቀሉ። የምሳ አዳራሹ ተዘጋና ገዢ ያጣ ብርድ ልብስ ተከመረበት። ባለፈው ወር ሰብስበውን ቅነሳ እንደሚኖር ነገሩን። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰው ብለን ብንጠይቅ መልሱ «በሂደት ይታወቃል» ሆነ። ይህችን «በሂደት» የምትባል ቃል ማን እንዳመጣት ባውቅ ስሙ ላይ ዓመቱን ሙሉ በቀይ እጽፍበት ነበር።

ኃሙስ ጠዋት ክፍሌን ስከፍት ከበሩ ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። የኃላፊው ፊርማና ማኅተም አለበት። ራሱ ኃላፊው ማለዳ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ እስከ ሰኞ አይመለስም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ወረቀቱ ከላይ «ከመጪው ወር ጀምሮ ቀሪ ሠራተኞች» ይላል። ከሥሩ አርባ አንድ ስም ተደርድሯል። ሌላ አንዲት ቃል የለችበትም። በጠቅላላ ሰማንያ ስድስት ነን።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ስሜን አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀሪ፣ የሚቀር፣ የሚቆይ። ተርፌያለሁ አልኩ። ቃሉ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችኑ ቃል ስጽፍ ጣቴ የቆረፈደ ሴት፣ ስሜን አየሁና ማንበብ ተውኩ። ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ከዚያ የወንድሜን ስም ፈለግኩ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የለም።

ታናሽ ወንድሜ የሚሠራው ማቅለሚያ ክፍል ነው። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ሰማያዊ ስለሆነ ግቢው ሁሉ «ሰማዩ» ይለዋል፤ በሳሙናም በነጭ ጋዝም ቢታጠብ አይለቅም። የምንኖረው ከእናታችን ጋር በአንድ ቤት ነው። እሱ አላገባም፣ እኔ አግብቼ ተመልሻለሁ። አምና እናታችን ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር አንስቶ የሚያስተኛት፣ ደግፎ መጸዳጃ ቤት የሚያደርሳት ጉልበተኛ ሰው አስፈለገ። እኔ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ የማነሳው በሁለት እጄ ነው። ስለዚህ እሱ አሥራ ሁለት ቀን ሥራ ቀርቶ አስታመማት። ፈቃዱን የሚፈርምለት የክፍል አለቃ አልነበረም፤ አለቃው ለቆ ምትኩ ገና «በሂደት» ላይ ነበር። ያለ ፊርማ ደግሞ «ፈ» አይጻፍም። አሥራ ሁለቱንም ቀን፣ የት እንዳለ እያወቅኩ፣ በቀይ ቀለም ቀሪ ብዬ ጻፍኩበት። ያኔ የተናገረኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ አቅርቤልሽ እኮ ነው የምትሄጂው።»

እንግዲህ እነዚያ አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው ያስባረሩት ብዬ ደመደምኩ። የገዛ ወንድሜን እንጀራ በገዛ እጄ ቆረጥኩ። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ግን ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ደንብ ነው። ለጠፍኩት።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰሌዳው በሰው ተሸፈነ። ስሙን ያገኘ ትንፋሹን እያወጣ ዘወር ይላል፣ ያላገኘው ደግሞ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እየጎተተ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ሬዲዮም ስሟ አልነበረም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ወንድሜ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወደ መስኮቴ ዞሮ ሁሉም እንዲሰማ፣ «እመት ሰዓት፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ከተወለደ ጀምሮ ከእትዬ ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

ያን ዕለት ቤት ስንገባ እናታችን ከፊታችን ላይ ነገር አንብባ ካልነገራችሁኝ አልበላም አለች። ነገርናት። ሁለት እንቁላል ነበር የተቀቀለው። ሁለቱንም ወንድሜ ሳህን ላይ አደረገችና ለኔ ዳቦውን ገፋ አደረገችልኝ። አንቺ ሥራ አለሽ፣ ልጄ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል አለች። እሱም አንዱን እንኳ ሳያካፍለኝ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ሁለቱንም በላ። እንቁላል አምሮኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን አማረኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰው ሁሉ ሊገባ ሲሰለፍ ወንድሜ ከመስመሩ ወጥቶ በመስኮቱ በኩል የታጠፈ ወረቀት አስገባልኝ። «ቁጥር ስጪው» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። የደብዳቤ መዝገብ ላይ «ጉዳዩ» የሚባል ዓምድ አለ፤ እሱን ለመሙላት የግድ ማንበብ አለብኝ። አነበብኩት። «ከመባረሬ በፊት በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ። የታመመች እናቴን ባነሳሁባቸው ቀናት ቀሪ ያለችኝ የገዛ እህቴ ናት። እሷ ባለችበት ግቢ አንድ ቀን መዋል አልፈልግም» ይላል። ከኋላው ሰልፉ ቆሞ ያየኛል። ቁጥር ሰጠሁት፤ ጉዳዩ በሚለው ሥርም «ሥራ ስለመልቀቅ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ቁጥር ስጪ ለሚለኝ ሰው ቁጥር እንጂ ሌላ ምን ሰጥቼ አውቃለሁ?

ደብዳቤው ምንም እንደማያመጣ ለራሴ ነገርኩት። የተባረረ ሰው ለቅቄያለሁ ቢል ባይል ያው ነው። ልጁ ሆድ ብሶት ነው፣ ይብረድለት አልኩ። ይሁንና ያቺን «የገዛ እህቴ» የምትለዋን ነገር ለራሴ እየደጋገምኩ አረፈድኩ።

ነገሩ የተበላሸው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሬዲዮ ድምፅዋ ተመልሶላት፣ ከኋላዋ አሥር የሚሆን ሰው አስከትላ መስኮቴ ሥር መጣች።

«እመት ሰዓት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት ላልመጣ ሰው ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ቀሪ።»

«አምናስ?»

«ቀሪ።»

«ታዲያ ቀሪ የሚቆይ ሰው የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ግቢው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ስማቸው ያለው ቀሪ የሚቆይ ነው ብለው ድርቅ አሉ፣ ስማቸው የሌለው ደግሞ ቀሪ የማይመጣ ነው ብለው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ በሒሳብ ቀሪ ማለት ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው፣ ቅነሳ ደግሞ ቅነሳ ነው ብሎ አስረዳ፤ የሱ ስም እንዳለበት አልሸሸገም። ስምንተኛው ላይ የሰፈረው መካኒክ ግን ከአራት ወር በፊት ባሕር ተሻግሮ የሄደ ነው፤ እሱን ምን ብለው ያስቀሩታል? ሃያ ሦስተኛዋ ደግሞ እጇ የሚመሰገን ሸማኔ ናት፤ እሷንስ ምን ብለው ያባርሯታል? ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች መጽናናት ፈልገው ተመለሱ። ጠዋት የተቃቀፉ ሁለት ጓደኛሞች ከሰዓት በኋላ ተኳርፈው አየኋቸው፤ አንደኛው አለ፣ አንደኛው የለም፣ ማን ለማን እንደሚያዝን ግን አልታወቀም።

እኔስ? ዞረብኝ። ቃሉ እንደመጀመሪያው ከሆነ እኔ እተርፋለሁ፣ ወንድሜ ይባረራል፣ ያባረርኩትም እኔ ነኝ። ሬዲዮ እንዳለችው ከሆነ እሱ ይተርፋል፣ እኔ እወጣለሁ። ለራሴ ስመኝ ወንድሜን ከበሩ ሲወጣ አየዋለሁ፤ ለሱ ስመኝ ራሴን። መሀል ላይ የሚመኙት ነገር ቢኖር እመኝ ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር ብልጭ አለብኝ፦ ወንድሜ የሚቀጥል ከሆነ ያ ደብዳቤ ቀልድ አይደለም። ራሱን የሚያባርርበት ወረቀት በኔ ፋይል ውስጥ፣ የኔ ቁጥር ያለበት፣ ተቀምጧል።

ሊወጣ ሲል ጠራሁት። ሰኞ ኃላፊው መጥቶ እስኪያብራራ ድረስ ደብዳቤህን ውሰድ አልኩት። ሰው ፊት የሰጠውን ሰው ፊት መልሶ እንደማይወስድ ነገረኝ። ለመንኩት። «ቁጥር ሰጥተሽዋል አይደል?» አለኝ፣ «ያንቺ ቁጥር ደግሞ አይፋቅም።»

ቅዳሜና እሁድ ቤታችን ውስጥ የሰማሁት የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። እናታችን አዲሱን ትርጉም ስትሰማ ከሁሉም በላይ ግራ ያጋባት እንቁላሉ ነው። ቅዳሜ ለኔ አደረገችና መልሳ አነሳችው። እሁድ አንዱን ለሁለት ከፍላ ሌላውን ራሷ በላች፤ እናንተ እስክትወስኑ ድረስ እኔም ሠራተኛ ነኝ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር። ወንድሜ ደግፎ አነሳት፣ አልጋዋ ላይ አስቀመጣትና ወጥቶ ሄደ። እኔን አልፎ ሲሄድ ትከሻው ነካኝ፤ ይቅርታ አላለም፣ እኔም አላልኩም።

ሰኞ ኃላፊው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሰሌዳውን አየ። በቀጥታ ወረቀቱን ነቀለ፣ አንዱ ጥግ ስፒሉ ላይ ተቀዶ ቀረ። አስጠራኝ። የደብዳቤ ፋይሌን ታቅፌ ገባሁ፤ ወደ ቢሮው ስገባ ሁሌም ታቅፌው ነው የምገባው።

ዕድሜው ከወንድሜ ያንሳል፣ ሰው ማክበር ያውቃል፣ ድምፁንም አያነሳም። ይህን እንዲለጠፍ ማን እንዳዘዘኝ ጠየቀኝ። ማኅተም አለበት አልኩት። ለእያንዳንዱ ሰው በደብዳቤ፣ በክብር ሊነገረው የታሰበ ነገር እንደነበር ነገረኝ።

«ወረቀቱን የተውኩት ለእርስዎ ነው» አለኝ። «ከመጪው ወር ጀምሮ እነዚህን በመዝገብዎ ላይ ቀሪ እያሉ እንዲይዙልኝ። ቀሪ ምን ማለት እንደሆነ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ?»

ወንበር ሳይሰጠኝ ተቀመጥኩ።

«አሥራ ሰባተኛው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከመጪው ወር ጀምሮ እኔን ቀሪ ብሎ የሚጽፈኝ ማን ነው?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው፣ ፊቱ ላይ ይታያል። «እሱን አላሰብኩበትም» አለ። አመንኩት። ያንገበገበኝም ማመኔ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እረግመው ነበር፤ ይህ ግን የኔን ስም ጽፎ፣ ለኔው ሰጥቶ፣ በሰላም መኪናውን አስነስቶ የሄደ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቀን አርፍጄ አላውቅም። ይህን ልነግረው ፈለግኩና መዝገቡን የያዝኩት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

እሱም ወደፊት ዘንበል አለ። አንድ መላ እንዳለ ነገረኝ። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሰው ከተገኘ፣ በሱ ልክ ከዝርዝሩ አንድ ሰው መሰረዝ ይችላል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ተሰጥቶታል። መጀመሪያ የሚሰርዘው የኔን ስም እንደሆነም ነገረኝ።

«እኔ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ የገባ ደብዳቤ አለ?» አለ።

ደብዳቤው ደረቴ ላይ ነው። በፋይሉ ካርቶን በኩል ይሰማኛል። የወንድሜ ጽሑፍ፣ የወንድሜ ፊርማ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በገዛ ፈቃዱ። አላስገደድኩትም። ውሰደው ብዬ ለምኜው እምቢ ብሏል። ደንቡ ደግሞ የገባ ደብዳቤ ይቀርባል ነው የሚለው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡ ወደኔ አደላ። «የገዛ እህቴ» የምትለዋም እዚያው ውስጥ ነች።

«የለም» አልኩት።

ወስኜ አልነበረም። ቃሉ ከአፌ ቀድሞ ወጣ፣ እኔ ከኋላው ደረስኩ። ምንም የለም? ብሎ ደገመልኝ፣ ምንም የለም ብዬ ደገምኩለት። ከዚያ ክፍሌ ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩ። «ሥራ ስለመልቀቅ» በሚለው ላይ አሰመርኩና ከጎኑ «በስህተት የተመዘገበ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። መዝገብ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ውሸቴ ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

ማቅለሚያ ክፍል እንፋሎት ስለሚበዛበት ሰው ቶሎ አይታይም። ወንድሜ ገንዳው አጠገብ ቆሞ በረጅሙ እንጨት ክሩን ያገላብጣል። ሁለተኛው ሠራተኛ ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ብቻውን ነው። አጠገቡ ሄጄ አንተ ትቆያለህ፣ የምወጣው እኔ ነኝ አልኩት። ዝርዝሩ የሚሄዱት ሰዎች እንደሆነ ከኃላፊው አፍ ሰምቼ መምጣቴን ነገርኩት።

መጀመሪያ ፊቱ በራ። በጣም ትንሽ ጊዜ ነው፣ ወዲያው ሰብሰብ አደረገው። እኔ ግን አየሁት። ለዚያች ቅጽበት ወንድሜን ጠላሁት፤ ጠላሁት ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለውም። የኃላፊውን መላ እዚያው ልዘረግፍለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። እሱ እንዳይከፋው ነው የደበቅኩት ወይስ አንድ ቀን ስንጣላ አውጥቼ ልመታው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንጨቱን ገንዳው ላይ አጋደመው። «ደብዳቤዬስ?» አለ።

ከፋይሉ አውጥቼ አሳየሁት። ቁጥሩን ጠየቀኝ፤ ሰረዝኩት አልኩት። አንቺ? አለኝ። እኔ አልኩት። ወረቀቱን ሳይቀበለኝ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከኃሙስ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ሰው ሁሉ እያየ ነው የሰጠሁሽ። አሁን ምን ይሉኛል? አንቺ ወጥተሽ እኔ ምን ብዬ እዚህ እቆማለሁ? ላስገባው ወይስ ይቅር?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ደግሞ ድምፁ ተሰበረ። «እትዬ… ሰው ፊት እንደዚያ ያልኩሽ… ይቅር በይኝ።»

እኔ የማየው ወረቀቱን ነበር። እናታችንን ማን እንደሚያነሳት፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ጠዋት ከቤት ማን እንደሚወጣ፣ ቁርስ የማቀርበው እኔ እንደምሆን እያሰብኩ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እዚህ መዋል አለብን።

«ይቅር» አልኩት።

ደብዳቤውን ማለቴ ነው። ለሌላው ገና ነኝ፤ እኔም ከሱ ይቅርታ የምለምንባቸው አሥራ ሁለት ቀናት አሉብኝ፣ እነሱን እንዴት አድርጌ እንደምጀምራቸው አላውቅም። እሱ ግን የሰማው ሌላውን ነው። በሁለቱ ሰማያዊ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ፣ እግዜር ይስጥሽ እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ እያለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲሳሳት ሳላርም አልፌ አላውቅም። እሱን አላረምኩትም።